ከቫርኒሹ በፊት የረጨሁት ጠበል

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አንዳንዱ ሰው እባብ ይፈራል፣ አንዳንዱ ጨለማ፤ እኔ አልመርጥም። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ ሳይጮህ ከዋለም እፈራለሁ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ካለፈ አማትባለሁ። የምንኖረው ደግሞ በሰው አገር፣ በካዚኖ ከተማ፣ አሊያንቴ በሚባል ሰፈር ነው፤ ከሰማያችን ላይ የጦር አውሮፕላን ስለማይጠፋ እጄ ከግንባሬ ወርዶ አያውቅም። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል። ፈሪዋ እናትየዋ ራሷ ስትሆን ማን እንደሚያለቅስ ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

እና ወረርሽኙ ሲመጣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የተዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው መፍራትን ገና ሲለማመድ እኔ ዕድሜ ልኬን የሰለጠንኩበት ነገር ነው የመጣው። እጄን ታጠብኩ፣ በሩን ጠረግኩ፣ ከገበያ የመጣውን ሙዝ በሳሙና አጠብኩ። ሁሉንም ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ መፍራት ረሳሁ፤ የባለቤቴን ዝምታ።

ባለቤቴ ታደሰ ይባላል። ከኤርፖርት እስከ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አፍ አለው። በሱዳን በረሃ በእግሩ ሲያልፍ ውሃ አልቆበት ነበር፤ ወሬ ግን አላለቀበትም ይላሉ አብረውት የነበሩት። ተሳፋሪ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ከመኪናው ሲወርድ የአፍሪካ ቀንድን ታሪክም ይዞ ይወርዳል። ቤት ሲመጣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላል፣ ከፍሪጁ ጋር ይጣላል፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ ከእኔ ጋር ይጣላል። እኔ ደግሞ ቃሌ ትንሽ ነው። ትዳራችን የቆመው በዚህ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ቤቱ ይሞላል።

ካዚኖዎቹ ሲዘጉ መሥሪያ ቤቱ እንጠራሃለን አለው። እኔን ሆቴሌ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠርቶ ወደ ክፍል ጽዳቴ መለሰኝ፤ ስሙ ይክበር። እሱን የጠራው የለም። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ሲሳደብ ሰነበተ። ያ ደህና ነበር። ከዚያ ግርማ ሞተ። ግርማ በዚያ በረሃ አብሮት የመጣ፣ ወንድም የማይባል ከወንድም የሚበልጥ ሰው ነበር። ቀብሩን በስልክ ነው ያየነው፤ ቤተሰቡ ብቻ ነበር የተፈቀደለት።

ታደሰ ከዚያ ቀን በኋላ ተዘጋ። ጓሯችን ውስጥ ወንበር አውጥቶ፣ የጎረቤትን ግቢ ከእኛ የሚለየውን ግንብ ፊት ለፊት እያየ መዋል ጀመረ። ግንቡ ላይ ምንም የለም። ራት ቀርቧል እለዋለሁ፤ እሺ ይላል። ይብቃህ ግባ እለዋለሁ፤ እሺ ይላል። ዛሬ ጨው በዛበት እንዴ ብዬ ብጠይቀው እንኳ እሺ ይላል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው፣ ወርቅ በሞላበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

ልጃችን ቤቲ እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛን እንደ ኪራይ መኪና ነው የምትነዳው፤ በጥንቃቄ፣ ግን የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያበራ ሳታውቅ። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ያዘችኝና፣ "ማሚ፣ ዳዲ ውስጡ ብዙ ቃል አለ። ካልወጣ እሱ ይታመማል" አለችኝ። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር፤ ግን በአማርኛ በደንብ የሚናገር ሰው እንዲህ አሳጥሮ አልነገረኝም ነበር።

በሳምንቱ ረጅም ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ ስስ ስስ ጣውላ፣ የተጎበጠ እንጨት፣ አንገት የሚመስል ነገር አለ። ገጥመው ጊታር የሚሠሩበት ነው አለች። ታደሰ በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት ከተጋባን በኋላ ነው። አባቴ ቀድሞ ሰምቶ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ከበር ይመለሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጊታር አልወድም። ቤቴ ውስጥ የሚሠራ ነገር ካለ በገና ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። በገና ይሠራልኝ ብዬ ብለምን ግን ካርቶኑ ተመልሶ ግንቡ ይቀጥላል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ዝም ማለትማ ለኔ ምን ይከብደኛል።

መኪኖቹ ወደ መንገድ ወጡ፤ ጋራዡ የአናጢ ቤት ሆነ። ታደሰ ቪዲዮ እያየ ያጣብቃል፣ በሞርሳ ያስራል፣ ይጠብቃል። እኔ በቤቱና በጋራዡ መካከል ካለችው በር ጀርባ ቆሜ አዳምጣለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ቃል፣ "ደርቋል" የሚል ነበር። ለማን እንዳለው አላውቅም፤ ለኮላው ይመስለኛል። ሮጬ ሥዕለ ማርያም ፊት ሻማ አበራሁ። ከዚያ፣ "ጠማማ" አለ። ከዚያ አንድ ቀን ለእኔ፣ "ያችን ጨርቅ አቀብይኝ" አለኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጨርቁን እንደ ስለት አቀበልኩት።

ከዚያ መላጉ መጣ። የብርጭቆ ወረቀቶቹን በቁጥራቸው ደርድሮ፣ በአንዱ ይፈገፍጋል፣ ያራግፋል፣ ሌላውን ያነሳል። የትኛው ለምን እንደሆነ ለእኔ የነገረኝ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ። የድሮው ታደሰ ቢሆን ስለ እያንዳንዱ ወረቀት ከፋብሪካው ጀምሮ ያስረዳኝ ነበር፣ እኔም ከደረሰብኝ ነገር ሁሉ እድን ነበር።

አቧራው ደግሞ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ አስመሰለው። ቅንድቡ ነጣ። እና ሳል ጀመረ። በዚያ ዘመን ሳል ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰው ሲተነፍስ እንኳ የምንሸሽበት ጊዜ ነው። በሳለ ቁጥር ቴርሞሜትሩን ይዤ ብቅ እላለሁ፣ ግንባሩ ላይ አነጣጥራለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ከጽጌ ጋር በስልክ ስናወራ ሳሉን ሰማችው። ሰጋቱራ ነው አልኳት። እሷም አዎ፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው አለችና ዘጋችው። በማግስቱ በራችን ላይ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ሽሮ ተደረደረ። አንድ ሰው ከኢንስፒራዳ ሰፈር ድረስ ከተማውን አቋርጦ ነዶ፣ ጤና አዳም በላስቲክ አድርጎ፣ በሩን አንኳኩቶ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮት እጄን አውለበለብኩለት። የተባረከ ሕዝብ ነው። ሽሮውን ወራት በላነው።

በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ። ጊታሩም እያለቀ ነበር፤ የሁለቱ መገጣጠም አሳሰበኝ። ታዲያ አንድ ምሽት ታደሰ ጋራዥ ጠራኝ። ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ነጭ ነው፤ ለክርስትና ታጥቦ የተዘጋጀ ሕፃን ይመስላል። በፊቱ ላይ የእንጨቱ መስመሮች እንደ ተበጠረ ጸጉር ቁልቁል ወርደዋል። ታደሰ እንዲህ አለኝ፦

"ነገ ከሰዓት የመጨረሻውን አለስልሼው ቫርኒሽ እጀምራለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። የእጅ ወዝ ከነካው ቫርኒሹ አይይዝለትም።"

ግርማ ከሞተ ወዲህ ከአፉ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። በደስታ የቃሉን ርዝመት ሰማሁ እንጂ ፍሬውን አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ ክትባት ሊወጋ ቀጠሮ ነበረው። ክትባቱን እፈራለሁ። አለመከተቡንም እፈራለሁ። እንደዚህ ሁለት ፍርሃት ሲጋጭብኝ የማውቀው አንድ መፍትሔ ነው፤ ጠበል። ያኔ ቤተ ክርስቲያን መግባት እንደ ልብ አልነበረም፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ከመኪናችን ሳንወርድ ነበር ጠበሉን በውሃ ጠርሙስ በመስኮት የሚሰጡን። አንዱን ጠርሙስ በጎድጓዳ ሳህን ቀዳሁና ታደሰን ረጨሁት። ቤቲን ረጨኋት። የመኪናውን ጎማ ረጨሁ። ሄዱ።

ሳህኑ ውስጥ ትንሽ ተረፈ።

እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው፣ ታዲያ ድፊው ይለኛል። ጠበል ቧንቧ ውስጥ አይደፋም። አንዴ ከተቀዳ የሚገባው ቦታ መድረስ አለበት። እኔ ጠጥቻለሁ። ቤቱን ረጭቻለሁ። ሳህኑን ይዤ የቀረ ማን አለ ብዬ ስዞር ጋራዥ ደረስኩ።

ጊታሩ እንደተጋደመ ነው። አየሁት፤ ሁለት ሐሳብም መጣብኝ። አንደኛው፣ ይህ እንጨት ባለቤቴን ከግንብ አንስቶ ያመጣልኝ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል የሚል። ሁለተኛው፣ ይህ እንጨት ነገ ክር ሲገባለት ዘፈን ነው፣ በጾም ቤቴ ሊገባ ነው የሚል። በአንደኛው ከሄድኩ ለበረከት ጠበል ያስፈልገዋል። በሁለተኛው ከሄድኩ ለማባረር ጠበል ያስፈልገዋል። ሁለቱም መንገድ ሳህኑ ላይ ነው የሚያደርሰው። ታደሰ ደግሞ ማንም አይንካው ነው ያለው። መርጨት መንካት አይደለም።

በስመ አብ ብዬ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም፣ በመስቀል ምልክት ረጨሁት።

ደረቅ እንጨት እንዴት እንደሚጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ጠብታው ዐረፈ፣ ጠቆረ፣ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ተቀበለው ብዬ። ቆይቼ ስመለስ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ተነስቷል። ትንንሽ ጸጉር አብቅሏል። ልክ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆዳ። በሁዳዴ ዶሮ በማሰቤ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ጨመርኩ።

እኔ በሥራዬ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝ። ነጠብጣብ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ፎጣ አመጣሁና ጠረግኩት፤ የፎጣው ቃጫ ተሰክቶ ቀረ። የጸጉር ማድረቂያ አመጣሁና ነፋሁበት፤ ጸጉሩ ይባስ ቆመ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ያሉት ለካ እንጨት ላይ ስለፈሰሰ ነው።

ያኔ ነው ወረቀቶቹን ያየሁት። ታደሰ ሸካራ ነገር በምን እንደሚያለሰልስ ከበር ጀርባ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቁጥር አላቸው፤ ሰማንያ የሚል አለ፣ መቶ ሃያ አለ፣ ሦስት መቶ ሃያ የሚል አለ። ሦስት መቶ ሃያን ወዲያ ገፋሁት። ካውያም ሆነ ምድጃ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚራራው። ጠንቃቃ ሴት ስለሆንኩ ሰማንያን መረጥኩ።

ጠብታዎቹን ተከትዬ ፈገፈግኩ። ጠብታዎቹ ደግሞ ያሉት በመስቀል ነው። ስለዚህ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም። በየመሐሉ አቤቱ ማረኝ እላለሁ፤ እጄ በጸሎቱ ልክ ይበረታል። ሆቴል ውስጥ የመታጠቢያ ገንዳ የምፈገፍግበትን ጉልበት ሁሉ አፈሰስኩበት። ጸጉሩ ጠፋ። ተመስገን አልኩና አቧራውን እፍ አልኩት።

ከአቧራው ስር መስቀል ወጣ።

ቁልቁል የሄደው ከእንጨቱ መስመር ጋር ስለሄደ ደብዘዝ ያለ ነው። አግድም የሄደው ግን ጉድ ነው፤ ነብር የቧጨረው ይመስላል። በር ላይ ሆኜ አየሁት፤ ይታያል። ኩሽና ሄጄ ተመልሼ አየሁት፤ አሁንም ይታያል። ሲያልቅ አያምር ማለት ይኸው ነው። ያን ሁሉ ወር የተለፋበትን፣ ቫርኒሽ ሊቀባ ግማሽ ቀን ሲቀረው።

አሁን የፈራሁትን በትክክል ልንገራችሁ፤ ሰው የሚመስለው ቁጣውን የፈራሁ ነው። ቁጣውን ከሆነ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ እንደ ማሞቂያ ነው። የፈራሁት ጊታሩን አይቶ፣ እሺ ብሎኝ፣ ወንበሩን አንስቶ ወደ ግንቡ እንዳይመለስ ነው። በስንት ልመና የመጡ ቃላት ነበሩ። በአንድ ሳህን ውሃ ላጥባቸው ነው።

ስልኬን አውጥቼ ጽጌን በቪዲዮ ደወልኩላት። ጊታሩን አሳየኋት። ረዥም ጊዜ አየችውና፣ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር እኔ ላይ ሳይፈጠርብኝ እንደቀረ ነገረችኝ። ጠበል ረጭቼ ነው አልኳት። ጊታር ላይ ጠበል የረጨ ሰው ከአዳም ጀምሮ እኔ የመጀመሪያዋ እንደሆንኩም ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስሚ አንቺ፣ ምን ያስጨንቅሻል? መስቀል እኮ ነው የወጣው። ተገለጠ በይው።"

"ማን ተገለጠ?"

"መስቀሉ። ጋራዥ ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት በይ፤ ማን ይጠይቅሻል?"

አንድ አፍታ ብቻ አሰብኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ታየኝ። ጽጌ ለአንድ ሰው ትነግራለች። ያ ሰው ለአንድ ሰው ይነግራል። በሳል ጊዜ እስከ ኢንስፒራዳ የደረሰች አፍ በተአምር ጊዜ የት ትቆማለች። ጋራዤ በር ላይ ሰልፍ፣ ሻማ፣ ነጠላ፣ በዚያ በበሽታ ዘመን፤ መሐል ላይ ታደሰ፣ ጊታሩን እንዳይቀባ ተከልክሎ። ዘጋሁባት።

ይኼ ሐሳብ ግን ሌላ ፍርሃት ወለደ። እኔ ልፋቀው ብልስ፣ የመስቀል ምልክት ይፋቃል? ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። አባ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ለእረፍት ወጥተው ነበር መሰል ወዲያው አነሱት።

"አባ፣ ይፍቱኝ። የመስቀል ምልክት መፋቅ ኃጢአት ነው?"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ላይ ያለ መስቀል ነው ልጄ?"

"እንጨት ላይ።"

"ማን የቀረጸው?"

"እኔ ነኝ አባ። ሳላስበው።"

"እንጨቱ የማን ነው?"

"የታደሰ።"

"ታደሰ ያውቃል?"

"የለም አባ። ክትባት ሄዷል።"

"እንግዲያው የተቸገርሽው በመስቀሉ አይደለም፣ በታደሰ ነው። እሱ ሳያየው ቀድመሽ ንገሪው።"

እሺ አልኩ። እንጨቱ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም እግዚአብሔር አይጠይቁኝ ብሎ ነው ብዬ አልተናገርኩም። ሊዘጉ ሲሉ ግን፣ "ደግሞ ጊታሩ ሲያልቅ ይዛችሁት ኑ፤ አየዋለሁ" አሉኝ። ጽጌ ቀድማኝ ደውላ ነበር።

እስኪመጡ ድረስ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ጊታሩን በንጹሕ ነጭ ፎጣ ሸፈንኩት። ጠርዙን ሳላስበው እንደ ሆቴል አልጋ አጣጥፌ ወጠርኩት። ትራስ ብቻ ነው የቀረው። ምን እንደምለው ተለማመድኩ፤ መግቢያ አዘጋጀሁ፣ ከትዳራችን መጀመሪያ የሚነሳ፣ በትዕግሥት አልፎ ቀስ ብሎ ወደ ጊታሩ የሚደርስ።

መኪናው ቆመ። ቤቲ ቀድማ ገባች፤ "ማሚ፣ ዳዲ ጎበዝ ነበር፣ አላለቀሰም" አለች። ታደሰ እጅጌውን እንደሰበሰበ፣ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበት፣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። ተከተልኩት። ፎጣውን አይቶ ቆመ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ያዘጋጀሁት መግቢያ በሙሉ ጠፋኝ። "ጠበል ረጨሁበት" አልኩ። "ከዚያ ጠረግኩት። ከዚያ ፈገፈግኩት።"

ፎጣውን ገለጠው።

ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን በአግድሙ ጭረት ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። ጊታሩን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ መብራቱ አዘነበለው፣ መልሶ አስቀመጠው። ወለሉ ላይ የጣልኳትን ወረቀት አነሳና ጀርባዋን ገልብጦ ቁጥሩን አነበበ። እኔ ከንፈሩን ነበር የማየው። እሺ እንዳይል። አምላኬ፣ ሌላ ማንኛውንም ቃል አስወጣው፣ እሺን ብቻ አታስወጣው።

ፊቱን አዞረና ወደ ግድግዳው ሄደ። ወደ ግንቡ የሚመለስ መሰለኝ። የትልቁን በር ቁልፍ ተጫነ። በሩ እየተንጓጓ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባች፣ መስቀሉ ይብስ ታየ።

"ሰማንያ" አለ።

ወረቀቷን ወደ እኔ ዘረጋ። "በሰማንያ?"

"ትንሹ ነው ብዬ ነው።"

"ትንሹ ነው ብላ ነው" አለ፤ ለመንገዱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሰማዩ። "ሴትዮ፣ ሰማንያ እኮ አጥር የሚፋቅበት ነው። የዛገ በር የሚፋቅበት ነው። እኔ ይኼን ወር ሙሉ እንደ ሕፃን ገላ እየዳበስኩ ያለሰለስኩትን አንቺ መጥተሽ እንደ ገንዳ ትፈገፍጊዋለሽ? ውሃውን ተይው። በውሃ ዛሬ እኔው ራሴ ላረጥበው ነበር፤ ጸጉሩ ተነስቶ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲላግ፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ግን በጨርቅ ነው፣ እኩል ነው። ጸጉር ስለተነሳ ሰው ነብር ይሆናል?"

መቶ ሃያውን ሳብ አድርጎ በትንሽ እንጨት ላይ ጠቀለለና መላግ ጀመረ። "መስመሩን ነው የምትከተይው። እይ። እንዲህ። ቁልቁል። እንጨት እንደ ሰው ነው፣ በአግድም ከሄድሽበት ይቆስላል። ማን አግድም ሂጂ አለሽ?"

መስቀል ስለሆነ ነው አልኩት። ይኼኔ ድምፁ ሌላ ደረጃ ወጣ። ቤቲ ከቤት ሮጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ውሻውን የሚያንሸራሽረው ጎረቤት መንገዱ ላይ ቆመ፤ ውሻውም ቆመ። ታደሰ አላያቸውም። እጁ እየላገ አፉ ሄደ። ከእኔ ወደ ጽጌ አለፈ፣ ያንን ሁሉ ዝንጅብል በራችን ላይ ስላስደረደረች፤ ከጽጌ ወደ መሥሪያ ቤቱ አለፈ።

"እንጠራሃለን አሉኝ። ሰው እንዴት ሰውን እንጠራሃለን ብሎ ይተኛል? ስልኩን ሽንት ቤት ድረስ ይዤ ገባሁ። ዝናብና ሙቀት ሳልል ስነዳላቸው ኖሬ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ደውሎ እንዴት ነህ ታደሰ አይለኝም?"

ወረቀቱን አራገፈ። እጁ ቀዝቀዝ አለ፣ አፉ ግን አላቆመም።

"ግርማንም በስልክ ቀበርኩት። ያ ሁሉ አሸዋ ላይ አብሮኝ ተኝቶ፣ ያችን የመጨረሻ ውሃ ለእኔ ሰጥቶኝ። ሊያወርዱት ሲሉ ስክሪኑ ቀጥ አለ። አፈር ሲለብስ አላየሁትም። ሲመለስ ሰዎቹ ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር። አንቺ ደግሞ በልተሃል ወይ ትይኛለሽ። እሺ ስልሽ እሺታዬን ተቀብለሽ ትሄጃለሽ። ምን ሆነሃል ብለሽ ቆመሽ አትጠይቂም? ሰው ግንብ እያየ ይውላል?"

ፈርቼ ነው ልለው ነበር። ብጠይቀው የሚመልስልኝን ፈርቼ ነው። ግን እንባዬ ቀደመኝ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ታደሰ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ቅንድቡ እንደገና ነጥቷል።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። "አበዛሁት?"

"አላበዛህም" አልኩት። "ቀጥል።"

"ምኑን?"

"ቁጣውን። እባክህ አታቁም።"

ቤቲን አያት። መንገዱ ላይ የቆመውን ጎረቤት አየው። እኔን አየኝ። ራሱን ነቀነቀና ጊታሩ ላይ ጎንበስ አለ። "የምሬን ነው የምልሽ፣ እንዳንቺ ያለች ሴት…" ብሎ ጀመረ፤ እጁ በእንጨቱ መስመር ላይ፣ አፉ በእኔ ላይ፣ ቀጠለ። ተመስገን አልኩ። በሆዴ ነው ያልኩት፤ እንዳላቋርጠው።